ያልተሳለ ሳል

የካቲት ነው፤ እሑድ። በረዶ ጠርጌ በሩን የከፈትኩት
እኔ ነኝ፣ ቦርዢቮይ፤ የአዳራሹን ቁልፍ ባንገቴ ያሰርኩት።
የእሳት አደጋ መኪናው ደጅ ቆሞ ይበርደዋል ዛሬ፤
በሱ ቦታ ስምንት ጠረጴዛ አሰናድቻለሁ ደርድሬ።
ስምንት የሎምኒጼ ሰዎች፣ ስምንት ከወንዝ ማዶ፤
መካከላቸው ዝምታ፣ ከደጁ የከፋ በረዶ።

አሁን ሰባቱ አብቅተው ጓዳ ሾርባ ይጠጣሉ፤
ውጤቱን በጣታቸው ደጋግመው ይቆጥራሉ፤
ሦስት ተኩል ለነሱ፣ ሦስት ተኩል ለኛ፤
የቀረው አንድ ነው፣ ያ ስምንተኛ።

ራዲም ነው፤ መጋዝ ቤት የሚውል፣ አካፋ የሚያህል እጁ፤
ፊት ለፊቱ ቬንዱላ፤ ዐሥራ አራት ዓመቷ፤ ትሆነዋለች ልጁ።
ወንበሩ ረዝሟት እግሯን ታወዛውዛለች፤
እሱ ሲያስብ፣ ጣራ ጣራውን ታያለች።
ግንብ ለግንብ ቀርተዋል። ሜዳው ተራቁቷል።
አንድ ወታደር አለን ከስምንቱ ተርፎ፣
ሁለት ቤት የቀረው፣ ያን ሁሉ ቤት አልፎ።
ሁለት ቤት!
ቢገባ ንግሥት ነው፤ ባይገባ እንጨት።

እኔ ግን ተመልካች ነኝ። ተመልካች ዐይን ነው፤ አፍ የለውም።
ሕጉን ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ የቀጣኝን አልረሳውም።
ከሦስት ዓመት በፊት፣ እዚሁ፣ እዚሁ ምሰሶ ሥር፣
አንድ ሳል አመለጠኝ፤ የኛ ሰው ፈረሱን ሊያነሣ ሲል ነበር።
«ጉንፋን ነው» ብዬ ማልኩ፤ ዳኛው ኦታካር ግን ሳቀ፤
«ጉንፋን ደግሞ ከመቼ ወዲህ የፈረስ መንገድ አወቀ?»
ነጥቡን ተነጠቅን። ራዲም ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነሣኝ፤
ከዚያ ወዲህ ከረሜላ ነው ጉሮሮዬን የሚያስረሳኝ።

አሁን ግን አየሁት። ያውና! ግንቡን ወደ ዳር!
ንጉሧ ከውጭ ይቆለፋል፤ ወታደሩ ይገባል በበር።
ቁልፍ ያዥ ነኝ፤ የሚከፍተውን አውቃለሁ፤
ምላሴ ላይ አስቀምጬ እንደ ፍም አላምጣለሁ።
ከረሜላው ቀጭ አለ በጥርሴ፤
ኦታካር ዞሮ አየኝ፤ ጥፋት ሆነ መተንፈሴ።
ራዲም፣ ወደ ዳር! ራዲም፣ አንተ ደንቆሮ!
እጁን አነሣ፤ መለሰ፤ ጆሮውን አከከ አቀርቅሮ።
ሁለት ደቂቃ አለው። አንድ።
ገፋ። ወታደሩን ገፋ!

ቬንዱላ ከጀርባ፣ ከሩቅ፣ በግንቧ ንጉሡን አባረረችው፤
ቼክ። ሸሸ። ቼክ። ተመለሰ። ቼክ። ማደሪያ ነሣችው።
«አቻ?» አላት ራዲም፤ ትንሿን እጅ በመዳፉ ዋጣት፤
«አቻ» አለች፤ አልከፋት፣ አልደነቃት።

አራት ለአራት። ማንም አላጨበጨበም።
ለአቻ ጭብጨባ የለውም፤ ለቅሶም የለውም።
አንዱ ኮቱን ፈለገ፤ አንዱ ሾርባው በርዷል አለ፤
እኔ ግን እሳት ጎርሼ ቆሜያለሁ፣ ሆዴ እየተቃጠለ።

ጠጠሮቹን መልሰው ደረደሩ፤ ከጨዋታ በኋላ መናገር ይፈቀዳል፤
የሦስት ዓመት ዝምታ በአንድ ትንፋሽ ይወርዳል፦
«ወደ ዳር ነበር! ግንቡ! ይኸው፣ ንጉሧ ከውጭ ቀርቶ!»
ራዲም ግንባሩን መታ፤ ቆመ አፉን ከፍቶ።
ቬንዱላ የኮቷን ዚፕ በአንድ እጇ እየዘጋች፣
በሌላው፣ በአንድ ጣት፣ ግንቧን ወደ ጎን ገፋች።
«ቼክ» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ «ቼክ»። ከዚያ ደግሞ።
አቻ ነው። ያም መንገድ አቻ ነው። አይታዋለች አስቀድሞ፣
ጣራውን ስታይ።

ለካ ያ አፍኜ የያዝኩት፣ ያነቀኝ ሳል፣
ቢያመልጠኝ እንኳ ቅቤ አይቆርጥም ነበር፤
ያልተሳለ ኖሯል።

አውቶቡሳቸው ሄደ። ራዲም ጠረጴዛ ለማጠፍ ቀረ፤
ሦስቱን አጥፎ፣ አራተኛው ላይ፣ ጀርባውን እንደ ሰጠኝ ተናገረ፦
«ዛሬ ጉንፋን የለህም?»
«የለኝም።»
ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ይስቅ ነበር።

ከዚያ ወጣሁ። የመኪናውን መስተዋት ከበረዶ ጠረግኩት፤
ቀስ እያልኩ፣ ወደ ኋላ፣ ራዲም በእጁ እየመራኝ ነዳሁት፤
ሁለት ክንድ ቀረው፤
አንድ፤
ቤቱ አስገባሁት።